ያልተሣለው ጎረቤት

ሕፃን ልጅ ፊደል ሳይለይ ሥዕል ይለያል። ሀንና ለን የማያውቅ ልጅ መጽሐፍ እጁ ሲገባ ገጹን እየገለጠ፥ «ይህች ላም ናት፤ ይህ ውሻ ነው፤ ይህች እማዬ ናት» እያለ ጣቱን ይቀስራል። ለእኛ ጨዋታ ይመስለናል፤ ለእርሱ ግን ይህ የመጀመሪያው ንባብ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ መጽሐፉ ስለ ዓለም ይመሰክርለታል፤ በመጽሐፉ ያለው ሁሉ ደግና ተገቢ፥ በመጽሐፉ የሌለው ሁሉ ደግሞ ወይ የማይረባ ወይ የሚያሳፍር ይመስለዋል። እንግዲህ ለልጅ የሚሣል ሥዕል ትንሽ ነገር አይደለም። ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ነገር ነው። የሙስሊም ቤተሰብ ኑሮ፥ እምነትና በዓል በልጆች የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ሊገባ ይገባዋልን? ከገባስ እንዴት ሆኖ መግባት አለበት?

በመጀመሪያ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልናገር፤ ነገሩ ክብር የሚሰጠኝ አይደለም። የተወለድሁት ከጉና ተራራ በስተደቡብ፥ በእስቴ አገር ነው። በቤታችን አጠገብ አንድ ሙስሊም ሸማኔ ይኖር ነበር። እናቴና የሰፈሩ ሴቶች ጥጡን ባዝተው፥ በእንዝርት ፈትለው ይወስዱለታል፤ እርሱም እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ ይቀመጥና መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከቀኝ ወደ ግራ እየወረወረ ነጠላውንና ጋቢውን ያወጣል። ለገናና ለፋሲካ ለብሰነው ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው ነጭ ልብስ ከእርሱ እጅ የወጣ ነበር። ልጁም ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ይማር ነበር።

አንድ ቀን መምህራችን፥ «ቤተሰባችሁ በበዓል ቀን ምን እንደሚመስል ሥላችሁ አምጡ» ብለው አዘዙን። የሸማኔው ልጅ ከሁላችን የበለጠ ሣለ። የሣለው ግን ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ቤት፥ ድፎ ዳቦ የሚቆርስ አባት፥ በአንገቷ ማዕተብ ያሰረች እናት ነበር። መምህሩ አመሰገኑትና ሥዕሉን ለክፍሉ ሁሉ አሳዩ። ወደ ቤት ስንመለስ፥ «እናትህ ማዕተብ አላት እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የላትም» አለኝ። «ታዲያ ለምን ሣልህላት?» ብለው፥ «መጽሐፉ ላይ ያለችው እናት እንዲህ ናት» ብሎ መለሰልኝ። እኔም ሳቅሁበት፤ ያም ሳይበቃኝ በማግሥቱ ለሌሎቹ ልጆች ነገርኋቸው፤ እነርሱም ሳቁበት። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ በክፍል ውስጥ ሲሥል አላየሁም።

ነገሩን አስተውዬ ያሰብሁት ዘግይቼ፥ ራሴ ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው። ልጁ ውሸት ሣለ ብዬ ሳቅሁበት፤ ውሸቱ ግን የተቀዳው ከመጽሐፉ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነጠላው ተሥሏል፤ ነጠላውን የሠራው ሸማኔ ግን አልተሣለም። አባቱ በሠራው ልብስ የደመቀውን በዓል ልጁ አየ፤ አባቱን ግን ፈልጎ አጣው። እናቱን ከመጽሐፉ ለማስገባት ቢፈልግ ሌላ ሰው አድርጎ መሣል ነበረበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መጽሐፉ ስለ ሙስሊም አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ታዲያ ዝም ያለ ሰው ምን በደለ? ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ ከድግስ ቤት እናገኛለን። አንድ ሰው ገብቶ የተቀመጡትን ሁሉ ተራ በተራ ሰላም እያለ አንዱን ብቻ ዘሎ ቢያልፍ፥ ያንን ሰው አልሰደበውም፤ አልመታውምም። የተዘለለው ሰው ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። ስድብን በስድብ፥ ሙግትን በዳኛ መመለስ ይቻላል፤ መዘለልን ግን በምን ይመልሱታል? ይልቁንም የተዘለለው ሕፃን ሲሆን፥ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ይህ መዝለል ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1660 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ ራብዓዊ ትእዛዝ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተጠየቁ። በክርስቲያኑ ደጋ ርስት መያዝ ለተከለከለ ሰው የሚቀረው ንግድና ሽመና ነበር፤ እርሱንም ሲሠራ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። «ሰማይ ዐምድ የለው፥ እስላም አገር የለው» የሚል ክፉ ተረት ሽማግሌው ለሕፃኑ ያወርሰው ነበር። በንጉሡ ዘመን እንኳ የተለመደው አጠራር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» የሚል ነበር፤ ከልጅ ልጅ በዚህ ምድር የተቀበረውን ሰው በእንግድነት እንዳረፈ መንገደኛ መቍጠር ማለት ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ወጡ፤ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ከዚያ በኋላ በመጣው የመንግሥት ለውጥ ዒድ አል ፊጥር፥ ዒድ አል አድሐና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወቁ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣውም የገጠር መሬት አዋጅ በሃይማኖት ሳይለይ መሬትን ለአራሹ ሰጠ። እንዲህ ሆኖ ሕጉ ተስተካከለ። ሕግ በአንድ ቀን ይለወጣል፤ በሰው ልብ ውስጥ ያለው ሥዕል ግን በአዋጅ አይለወጥም። እርሱ የሚለወጠው ከሥር፥ ከሕፃንነት ጀምሮ ነው።

አማርኛን በማንበብ በኩል የሆነውንም እናስብ። በቀድሞው ዘመን የአገራችን ልጅ ፊደል ከቈጠረ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፥ ቀጥሎም ዳዊትን ይማር ነበር። ፊደላችንን ጠብቃ ያቆየች ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነች ይህ የሚያስመሰግናት ነው። የሙስሊሙ ልጅ ግን በቁርአን ቤት ተቀምጦ ከሉሕ ላይ የዐረብኛ ፊደል ይማር ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰዎች አማርኛ የክርስቲያን ብቻ ቋንቋ መሰላቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከበሽሎ ማዶ በወሎ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ሊቃውንት መንዙማቸውን በአማርኛ ደርሰው በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ቅዱስ ቁርአን በአማርኛ ተተርጕሞ ታትሟል። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የሙስሊሞች መጻሕፍትና ጋዜጦች በአማርኛ በብዛት ወጥተዋል። እንግዲህ ሙስሊሙ በአማርኛ ይጸልያል፥ ያለቅሳል፥ ይስቃል፤ ልጁን እሹሩሩ የሚለውም በአማርኛ ነው። ቋንቋው የእርሱ ሆኖ ሳለ በቋንቋው ከተጻፈው የልጆች መጽሐፍ ቢታጣ ነውሩ የማን ነው?

አሁን ወደ ተቃዋሚዎች ነገር ልመለስ፤ ተቃዋሚን ሳይሰሙ መፍረድ አይገባምና።

አንደኛው እንዲህ ይላል፤ «በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ሙስሊም ስንት ነው? ለጥቂት ሰው መጽሐፍ ማሳተም ገንዘብ ማባከን አይደለምን?» በእርግጥ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በደቡብ ጎንደር ሙስሊሞች ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም ነበር። ነገር ግን በዚያው ቈጠራ በመላው ኢትዮጵያ ከሦስት ሰው አንዱ ሙስሊም ነበር። ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ በወልድያ መንገድ የሚጓዝ ልጅ ከወሎ ሲደርስ የሚያገኘው ባለ ሱቅ፥ የሚያስተምረው መምህር፥ የሚያክመው ሐኪም ሙስሊም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ይህ መጽሐፍ የሚያስፈልገው ለጥቂቶቹ ልጆች ብቻ ነውን? የሙስሊሙ ልጅ የክርስቲያኑን በዓል ወደደም ጠላም ያውቀዋል፤ በየደጃፉ ያየዋልና። የጎረቤቱን በዓል ሳያውቅ የሚያድገው ብዙው ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ለጥቂቱ ክብር፥ ለብዙው ደግሞ ዕውቀት ይሆናል።

ሁለተኛው እንዲህ ይላል፤ «ልጄ የሌላውን ጸሎትና ጾም እያየ ካደገ ሃይማኖቱ አይናጋምን?» ይህ የወላጅ ፍርሃት ስለ ሆነ ልንስቅበት አይገባም። መልሱን ግን ከራሳችን ታሪክ እናገኘዋለን። የእስልምና ታሪክ እንደሚተርከው፥ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ወደ ሐበሻ ንጉሥ መጡ። አሳዳጆቻቸውም ገጸ በረከት አስይዘው መልእክተኞች ላኩና ይመለሱልን አሉ። ንጉሡ፥ «ሳልሰማቸው አልሰጥም» ብሎ አስጠራቸው። ጃዕፈርም ከቁርአን ስለ መርየም የተነገረውን አነበበለት። ንጉሡም ሰምቶ አለቀሰ፤ ገጸ በረከቱን መለሰ፥ ስደተኞቹንም አስጠለላቸው። ያ ክርስቲያን ንጉሥ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ የእንግዳውን ጸሎት ለመስማት ካልፈራ፥ እኛ አንድ ሕፃን ረመዳን ምን እንደ ሆነ ቢያውቅ ስለ ምን እንፈራለን? ሥር የሰደደ ዛፍ የጎረቤቱ ዛፍ ሲያብብ አይነቀልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከራሳቸው ከሙስሊሞች ነው። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ነፍስ ያለውን ፍጥረት መሣል አይገባም ብለው ያስተምራሉ፤ ነቢያትን መሣልማ እጅግ የተከለከለ ነው። ይህንን ችላ ብሎ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው አክባሪ መስሎ ደፋሪ ይሆናል። ሌሎች ሊቃውንት ግን አዒሻ በልጅነቷ በአሻንጉሊት ትጫወት እንደ ነበር፥ ነቢዩም እንዳልከለከሏት የሚናገረውን ሐዲስ አንሥተው ለልጆች ማስተማሪያ የሚሆነውን ይፈቅዳሉ። በዓለም ላይ የታተሙትን መጻሕፍት ብናይ መንገዱ ብዙ ነው። አንዳንዶቹ ፊት ያለ ዐይንና ያለ አፍ ይሥላሉ፤ አንዳንዶቹ ሰጋጁን ከጀርባው ያሳያሉ፤ ሌሎቹ ጨረቃውን፥ የውዱእ ማሰሮውን፥ በተርታ የተቀመጠውን ጫማ ብቻ ሥለው ሰውን በልብ ያስስላሉ። እንግዲህ ሥዕሉ የጎረቤቱን ቤት የሚያሳይ ከሆነ፥ በበሩ እንዴት እንደሚገባ የቤቱን ባለቤት መጠየቅ ግዴታ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ተጀምሯል። ወላጆቿ ከፓኪስታን የመጡ፥ በአሜሪካ የተወለደች ሂና ካን የምትባል ደራሲ በልጅነቷ ባነበበቻቸው መጻሕፍት እርሷን የምትመስል ልጅ አላገኘችም። ካደገች በኋላ ግን በ2008 እ.ኤ.አ. ስለ አንዲት ልጅና ስለ ረመዳን ጨረቃ የሥዕል መጽሐፍ አወጣች። በ2016 እ.ኤ.አ. ሒጃብ ለብሳ በኦሊምፒክ በሻሞላ ውድድር ከጓደኞቿ ጋር የነሐስ ሜዳይ ያገኘችው ኢብቲሃጅ ሙሐመድ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ፥ ታላቅ እኅቷ ሒጃብ ለብሳ ትምህርት ቤት ስለ ሄደችበት የመጀመሪያ ቀን የምትተርክ ልጅን ታሪክ ከሌላ ደራሲ ጋር ሆና አሳተመች። በእኛም አገር አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአሜሪካ በቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው ቢያሳዝናቸው፥ አሳትመው፥ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። የእነዚህ ሁሉ ሥራ የተጀመረው «የለም» ብሎ ከማዘን ነው።

ነገር ግን የውጭውን መጽሐፍ ተርጕሞ ማቅረብ ብቻውን አይበቃንም። በአሜሪካ የሚሣለው ሙስሊም ብዙ ጊዜ የስደተኛ ልጅ ነው፤ የሚያስጨንቀውም «በዚህ አዲስ አገር ይቀበሉኝ ይሆን?» የሚለው ነው። የእስቴው ሸማኔ ግን ከየትም አልመጣም። ፋኖስና ረጅም ፎቅ ሣልንለት ብንለው አሁንም ሌላ ሰው አደረግነው ማለት ነው። የሚሣልለት ጉድጓዱና መወርወሪያው፥ ጋቢውና እንጀራው፥ የጉና ውርጭና የበሽሎ ቆላ መሆን አለበት።

ለሥዕሉ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙስሊሙን በዒድ ቀን ብቻ፥ ኮፍያና አዲስ ጀለቢያ አልብሶ የሚያሳይ መጽሐፍ በዓመት አንድ ቀን የሚመጣ እንግዳ ያደርገዋል። በሌሎቹ ቀኖችስ የት ነበር? ስለዚህ ጥጃ ሲጠብቅ፥ ውኃ ሲቀዳ፥ በሒሳብ ሲሳሳት፥ ከእኅቱ ጋር ሲጣላም ይሣል። በዓሉም ቢሆን በእውቀት ይሣል እንጂ በግምት አይሁን። የመስቀል በዓል ከአደይ አበባ ጋር ይመጣል፤ የሙስሊሙ ወር ግን በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እየሳበ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። ዒድ አል ፊጥር በ2004 ዓ.ም. በነሐሴ ዝናብ፥ በ2016 ዓ.ም. ግን በሚያዝያ መባቻ ዋለ። እንግዲህ የዒድ አበባ የትኛው ነው? አንድም አበባ የለውም፤ ሁሉም አበባ የእርሱ ነው። ረመዳን አንዳንድ ዘመን በአጨዳ፥ አንዳንድ ዘመን ጎተራ በሚራቆትበት ክረምት ይገባል፤ ይህንን የማያውቅ ሠዓሊ የጾሙን ክብደት አያውቅም።

ከሁሉ በላይ ግን ልዩነትን መደበቅ አይገባም። «ሁላችንም አንድ ነን» የሚለው ቃል መልካም ነው፤ ሆኖም አንዳንድ ጊዜ «እኔን ምሰል» ማለት ይሆናል። የአገራችን ሽማግሌዎች ከዚህ የተሻለ ጥበብ ነበራቸው። ሰርግ ሲደገስ ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ወይም ወይፈን ለይቶ ይሰጣል፤ እነርሱም በራሳቸው ሥርዓት አርደው፥ በራሳቸው ድስት ሠርተው በዚያው ሰርግ ይበላሉ። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። ድስቱ ሁለት ነው፤ ደስታው ግን አንድ ነው። ልጅ ይህንን በሥዕል ቢያይ፥ መለየትና መጠላት አንድ እንዳልሆኑ ያለ ስብከት ይገባዋል። ቡናም እንኳ በአንድ ወቅት የሙስሊም መጠጥ ነው ተብሎ ክርስቲያኖች ሳይጠጡት ኖረዋል። ዛሬ ጀበና የማይጣድበት ቤት የለም፤ አቦል፥ ቶና፥ በረካ የምንላቸውም ስሞች «መጀመሪያ»፥ «ሁለተኛ»ና «በረከት» ከሚሉ የዐረብኛ ቃላት የመጡ ናቸው ይባላል። የጎረቤታችንን ቃል በየቀኑ እየጠጣን ጎረቤታችንን አናውቀውም ማለት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቅሃል የሚለኝ አይጠፋም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከእኛ አገር በዓባይ ማዶ፥ በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ለቀብር የወጡ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደርሶ ብዙ ሰው ሞተ፤ በዚያው ወር በስልጤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የሥዕል መጽሐፍ እሳት ያጠፋል ብዬ አልዋሻችሁም፤ የእሳቱ ምክንያት ብዙ ነውና። ይሁን እንጂ ክብሪት የያዘ ሰው ከቤቱ ፊት ቆሞ ሳለ፥ «ይህ የእገሌ ቤት ነው፤ ልጁ ከእኔ ጋር ተምሯል፤ እናቱ ቡና አጠጥታኛለች» የሚል ሐሳብ ቢመጣበት እጁ ይዝላል። የማናውቀውን ሰው ቤት ማቃጠል ይቀላል፤ መዝለልም ሰውን የማይታወቅ ያደርገዋል።

ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል መሣል የሚችል፥ መጻፍም የሚችል አለ። ስለ ጎረቤቱ ለልጆች መጽሐፍ ማዘጋጀት ለሚፈልግ አንድ መመዘኛ ልስጠው። መጽሐፉን ከማሳተምህ በፊት ወደ ጎረቤትህ ቤት ይዘኸው ግባ፤ እናትየው፥ አባትየውና ልጆቹ ባሉበት ጮኽ ብለህ አንብበው፥ ሥዕሉንም አሳያቸው። ሳታፍር አንብበህ ከጨረስህ፥ ልጁም ጣቱን ቀስሮ «ይህች እማዬ ናት» ካለ፥ መጽሐፉ እውነተኛ ነው። ድምፅህ ከተንቀጠቀጠ ግን ገጹን ቀድደህ እንደገና ሣል።

እኔ ለሸማኔው ልጅ ያለብኝ ዕዳ አለ። እርሱ በዚያን ቀን የእናቱን አንገት ያለ ማዕተብ፥ አባቱንም ከመወርወሪያው ጋር ቢሥል ኖሮ፥ ክፍሉ ውስጥ ከተሣለው ሁሉ እውነተኛው ሥዕል የእርሱ ይሆን ነበር። እንዳይሥል ያደረገው መጽሐፉ ነው፤ ዳግመኛ እንዳይሥል ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። የእናንተ መጽሐፍ ለሌላው ልጅ እርሳሱን ይመልስለት።